ፊውዝ የሚበላ መኪና

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ ዓምዳችንን በዚህ ዕትም ለአንድ ጉዳይ ሰጥተነዋል፤ ደጋግሞ ስለሚቃጠል የመኪና ፊውዝ። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የቤት መኪናዬ የፓርኪንግ መብራት ፊውዝ 10 አምፔር ነው። መብራቱን ገና ስከፍተው ይቃጠላል። የፊትም የኋላም አምፑሎችን በአዲስ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። አንድ ፓኬት ፊውዝ ጨረስኩ። አንድ ባለሙያ “ሽቦው በሙሉ ወጥቶ ይቀየር” አለኝ። እውነት እዚህ ድረስ ያደርሳል?

መልስ፦ አያደርስም። እንዲህ ያለው ብልሽት ቦታው ከታወቀ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ክንድ ያነሰ ሽቦ በመጠገን ያልቃል። ሥራው ያለው ቦታውን በማግኘት ላይ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። በማዕዘን ያሉት አራት መብራቶች እያንዳንዳቸው 5 ዋት ናቸው፤ የታርጋ መብራቶቹ ሁለት ከሆኑ እነሱም እንደዚያው። ድምሩ 30 ዋት ለ12 ቮልት ሲካፈል 2.5 አምፔር ይሆናል። የዳሽቦርዱ ትንንሽ መብራቶች ቢታከሉበት እንኳ 10 አምፔር አጠገብ አይደርስም። ስለዚህ ፊውዙን በቅጽበት የሚያቃጥለው የመብራቱ ብዛት አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ፖዘቲቩ ሽቦ ተልጦ ማሳ፣ ማለትም የመኪናውን ብረት፣ ነክቷል። የተቃጠለውን ፊውዝ ብርሃን ላይ ይዘው ቢያዩትም ይነግርዎታል፤ ፕላስቲኩ ከውስጥ ጠቁሮ ወይም ብርማ ፍንጣሪ ተረጭቶበት ከሆነ ሾርት ነው። ጥቁረት ሳይኖር መሃሉ ብቻ ለስለስ ብሎ ቀልጦ ከተለያየ ደግሞ ቀስ በቀስ የገደለው ከአቅም በላይ የሆነ ጭነት ነው።

ከአሁን በኋላ ሌላ ፊውዝ አያባክኑ። በፊውዙ ቦታ አምፑል ያስገቡ። አንድ የ12 ቮልት 21 ዋት አምፑል (የፍሬን ወይም የፍሬቻ) ከነመያዣው ይውሰዱ፣ ሁለት ሽቦ ይቀጥሉለት፣ የሽቦዎቹን ጫፎች በአንድ የተቃጠለ ፊውዝ ሁለት እግሮች ላይ በሊድ ይበይዷቸው። የተቃጠለው ፊውዝ አሁን መሰኪያ ሆነልዎት ማለት ነው። ባለ 24 ቮልት የጭነት መኪና ከሆነ አምፑሉም የ24 ቮልት ይሁን። ይህ አምፑል ሾርቱ እያለ እንኳ ከ1.75 አምፔር ብዙም የማይበልጥ ነው የሚያሳልፈው፤ ሽቦው ሳይግል፣ ፊውዝ ሳይቃጠል፣ ተረጋግተው የፈለጉትን ያህል ጊዜ መፈለግ ይችላሉ። አምፑሉ ራሱ ግን በጣም ስለሚግል ፕላስቲክ ወይም ምንጣፍ ላይ አያስቀምጡት።

አሁን በዚያ ፊውዝ ሥር ያሉትን አምፑሎች በሙሉ ከየቦታቸው ያውጡ። ይህን ደረጃ የሚዘሉ ብዙዎች ናቸው፤ ከዚያም ይሳሳታሉ፤ ምክንያቱም አምፑሎቹ ካሉ ጤነኛ መስመርም ቢሆን መፈተሻውን አምፑል በመጠኑ ያበራዋል። አምፑሎቹ ወጥተው መብራቱን ሲከፍቱ መፈተሻው ፈጽሞ መብራት የለበትም። በሙሉ ኃይሉ ከበራ ሾርቱ ከሽቦው ወይም ከአምፑል መያዣዎቹ አንዱ ላይ ነው። ከጠፋ ጥፋቱ የአምፑል ነው፤ አንድ በአንድ ይመልሷቸው። እያንዳንዱ ሲገባ መፈተሻው በትንሹ ይደምቃል፤ አንዱ ሲገባ በአንድ ጊዜ ቦግ ካለ እሱን ያዙት። አዲስ አምፑል መሆኑ ከጥርጣሬ አያወጣውም። ባለ ሁለት ክሩ የ21/5 ዋት አምፑል በሚገባበት መያዣ ባለ አንድ ክር አምፑል ተገፍቶ ከገባ ሁለቱን መነካኪያዎች አንድ ላይ ያገናኛቸዋል፤ የፓርኪንጉና የፍሬኑ መስመር ይቀላቀላሉ።

ሽቦው ላይ ከሆነ ደግሞ መስመሩን እየከፈሉ ይሂዱ። የኋላ መብራቶቹን የሚያገናኘውን ሶኬት ይንቀሉ። መፈተሻው ከጠፋ ብልሽቱ ከሶኬቱ ወዲያ፣ ወደ ኋላ ነው። ካልጠፋ ከፊት ወይም ከዳሽቦርዱ ነው። እንዲህ አንድ ሶኬት በነቀሉ ቁጥር የሚፈለገው ቦታ ይጠባል፤ መኪናውን በሙሉ መግለጥ አያስፈልግም።

የፓርኪንግ መስመር ላይ ሁልጊዜ ቀድመው መታየት ያለባቸው ቦታዎች አሉ። የኋላ ኮፈኑ ማጠፊያ ጋ የሚያልፈው የታርጋ መብራት ሽቦ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ስለሚታጠፍ፣ ከጎማ መከላከያው ውስጥ ተሰብሮ ከውጭ ጤነኛ ይመስላል። የተሳቢ መጎተቻ ሶኬት ካለ ውስጡ ውኃና ዝገት ሞልቶት ይሆናል። ሽቦ በብረት ቀዳዳ የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ፣ የጎማ ቀለበቱ ወልቆ ከሆነ፣ የብረቱ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይልጠዋል። በኋላ የተገጠመ ሬዲዮ ካለዎት ደግሞ ከእሱ ይጀምሩ ብንልዎ እንመርጣለን። ሬዲዮው ማታ ብርሃኑን እንዲቀንስ ከፓርኪንግ መስመር አንድ ቀጭን ሽቦ ይወስዳል፤ ያ ሽቦ ሳይሸፈን ተንጠልጥሎ ከኋላው ያለውን ብረት ሲነካ፣ የፊትና የኋላ መብራት ሲፈታ የሚውል ሰው ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለውን አያየውም።

ቦታውን ሲያገኙ የተላጠውን በናስትሮ ጠቅልለው አይለፉት፤ ናስትሮ በሙቀት ሙጫው ይለቃል። የተጎዳውን ቆርጠው ያውጡ፣ ተመሳሳይ ውፍረት ባለው ሽቦ ይተኩ፣ መጋጠሚያውን በሊድ በይደው በሙቀት የሚሸበሸብ ላስቲክ ያልብሱት፣ ከዚያም ያላጠው ብረት እንደገና እንዳይደርስበት አርቀው ይሰሩት። የጎማ ቀለበቱን ካልመለሱ ጥገናው ዕድሜ የለውም። በመጨረሻም መፈተሻውን አውጥተው ያንኑ 10 አምፔር ፊውዝ ይመልሱ።

ጥያቄ፦ 15 አምፔር ፊውዝ ሲቃጠልብኝ 30 አደረግሁበት፣ ከዚያ ወዲህ አልተቃጠለም። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው፤ ዛሬውኑ ያውጡት።

ፊውዝ የሚጠብቀው ሬዲዮውን ወይም መብራቱን ሳይሆን ሽቦውን ነው። የመኪናው ሠሪ ለዚያ መስመር ሽቦ ሲመርጥ 15 አምፔር ላይ የሚቆም ፊውዝ ይኖራል ብሎ ነው። ባለ 15 አምፔር የተለመደ ባለ ምላጭ ፊውዝ 30 አምፔር ቢያልፍበት ከ5 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል። ባለ 30ው ግን ያንኑ 30 አምፔር ዝም ብሎ ያሳልፋል። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ከኤሌክትሪኩ ጋር እኩል አያድግም፤ ኤሌክትሪኩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ አሁን በመኪናዎ ውስጥ ፊውዝ የሆነው ሽቦው ራሱ ነው፤ እሱ ሲቀልጥ ደግሞ በምንጣፍና በስፖንጅ መካከል ነው።

ፊውዙ መቃጠሉን ስላቆመ ብልሽቱ ተወግዷል ማለት አይደለም። ሽቦው የሚሄድበትን መንገድ ይከተሉ። የደረቀ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ያበጠ ወይም ከጎረቤቱ ሽቦ ጋር የተጣበቀ ሽፋን ካገኙ ያ ክፍል ይቀየር። ለባለሙያ ከወሰዱትም ባለ 30 ተሰክቶ እንደነበር ሳይደብቁ ይንገሩት፤ ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው ነው። ባለሙያው ይህን ካላወቀ አንዷን የተላጠች ቦታ ጠግኖ ይመልስልዎታል፣ በሙቀት የተጎዳው ቀሪው ሽቦ ግን እዚያው ይቀራል።

ሌሎች አንባቢዎችም የፊውዝ ሳጥናቸውን ከፍተው ቀለሙን ከክዳኑ ጽሑፍ ጋር ቢያስተያዩ መልካም ነው፤ በተለይ ያገለገለ መኪና የገዙ። ባለ ምላጭ ፊውዝ 7.5 አምፔሩ ቡናማ፣ 10 ቀይ፣ 15 ሰማያዊ፣ 20 ቢጫ፣ 25 ቀለም የሌለው፣ 30 አረንጓዴ ነው። ክዳኑ 10 እያለ ሳጥኑ ውስጥ አረንጓዴ ካዩ ከርስዎ በፊት የነበረው ሰው ተመሳሳይ ነገር አድርጓል። የብር ወረቀት ወይም የሽቦ ቁራጭ ካገኙማ መኪናውን አያንቀሳቅሱት።

ጥያቄ፦ የፍሬን መብራቱና የክላክሱ ፊውዝ አንድ ነው፣ 15 አምፔር። አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ይቆያል፣ አንዳንዴ በቀን ሁለቴ ይቃጠላል። ጉድጓድ ውስጥ ስገባ የሚብስ ይመስለኛል። ጋራዥ ስወስደው ምንም የለውም ይሉኛል።

መልስ፦ “ምንም የለውም” ያሉዎት ሰዎች አልዋሹም፤ መኪናው ቆሞ ሳለ ሽቦው ማሳ አይነካም። ስለዚህ ቆሞም እንዲነካ ማድረግ ያስፈልጋል።

ከላይ የገለጽነውን መፈተሻ አምፑል በፊውዙ ቦታ ይሰኩት። የፍሬን ፔዳሉ ሳይረገጥ፣ ክላክሱ ሳይነካ፣ መፈተሻው ጠፍቶ መቆየት አለበት። አሁን ሽቦውን በክፍል በክፍል ይነቅንቁት፤ በእጅ፣ እጅ በማይደርስበት ደግሞ በእንጨት ዘንግ። ከፊውዝ ሳጥኑ እስከ ፔዳሉ ስዊች፣ እንዲሁም እስከ ክላክሱ ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን እስከሚያሳልፈው ስዊች፣ ድረስ ያለውን። መፈተሻው ብልጭ ያለበትን ቦታ አይልቀቁት። ምንም ካልታየ ብልሽቱ ከሪሌው ወይም ከፔዳሉ ስዊች በኋላ ነው። ከሪሌው እስከ ክላክሱ፣ ከራዲያተሩ ፊት ያለውን ጭምር፣ ለመፈተሽ የክላክሱን ሶኬት ነቅለው አንድ ሰው የክላክሱን ቁልፍ እንደተጫነ ይነቅንቁ። ለፍሬኑ መስመር ደግሞ የፍሬን አምፑሎችን አውጥተው አንድ ሰው ፔዳሉን እንደረገጠ ይቆይ፣ እርስዎ ደግሞ ከመቀመጫ ሥር እስከ ኋላ መብራት፣ የኋላ ኮፈኑን እየከፈቱና እየዘጉ፣ ይነቅንቁ። በኋላው መስተዋት በኩል ያለውን ሦስተኛ የፍሬን መብራት አይርሱ፤ ሽቦው ብዙ ጊዜ በማጠፊያው በኩል ያልፋል። መፈተሻውን እንደሰኩ መንገድ መውጣት ግን አይገባም፤ የፍሬን መብራትዎ በደንብ አይበራምና።

መሪው ውስጥ ነው ብለው የሚጠረጥሩም አሉ። በአብዛኞቹ መኪኖች የክላክሱ ቁልፍ የሚያደርገው ሪሌውን ከማሳ ጋር ማገናኘት ነው። እዚያ ያለ ሽቦ ብረት ቢነካ ክላክሱ ሳይነኩት ይጮኻል እንጂ ፊውዝ አያቃጥልም። ስለዚህ ክላክስዎ ብቻውን ጮኾ የማያውቅ ከሆነ መሪውን ለመፍታት ምክንያት የለዎትም፤ እዚያ ኤርባግ ስላለ ያለ ባለሙያ መነካት የሌለበት ቦታ ነው። በቢጫ ሶኬትና በቢጫ ሽፋን የተለዩ ሽቦዎች በአብዛኛው የኤርባግ ናቸው፤ በመፈተሻ አምፑልም ሆነ በቴስተር አይንኳቸው።

አንድ ማስታወሻ ደብተር መኪናው ውስጥ ይኑርዎት። ፊውዙ ሲቃጠል ምን እያደረጉ እንደነበር ይጻፉ፤ ፍሬን ይዘው ነበር? እየታጠፉ? ዝናብ ነበር? ዕቃ ጭነዋል? አራት አምስት ጊዜ ከተጻፈ በኋላ አንድ ነገር ይደጋገማል። ዕቃ ሲጫን ብቻ ከሆነ ኋላ ሳጥኑ ውስጥ በዕቃ የሚገፋ ሽቦ አለ። ከዝናብ በኋላ ብቻ ከሆነ ውኃ የገባበት መብራት ወይም ሶኬት ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ቴስተር ገዛሁ። የፍሬን መብራት ፊውዙን አውጥቼ ፔዳሉ እንደተረገጠ ወደ ማሳ ስለካ 0.3 ኦም ያሳየኛል። ይህ ሾርት አይደለም ወይ?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። የ21 ዋት አምፑል ሲበራ 7 ኦም ያህል ነው፣ ቀዝቃዛ ሳለ ግን ክሩ ከዚያ አንድ አሥረኛ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ሁለት አምፑል ጎን ለጎን ሲሆኑ በግማሽ ይወርዳል፤ ስለዚህ 0.3 ኦም የሁለት ጤነኛ አምፑሎች ንባብ ሊሆን ይችላል። አምፑሎቹን አውጥተው ይለኩ። ያኔ ቴስተሩ ወሰን የለሽ ወይም በጣም ከፍተኛ ንባብ መስጠት አለበት። ከመለካትዎ በፊት የባትሪውን ነጌቲቭ ያላቁ፣ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አገናኝተው የራሱን ገመድ ንባብ ይመልከቱና ይቀንሱ፤ እሱ ብቻውን 0.2 ኦም ሊሆን ይችላል። ከፊውዙ ሁለት ጥርሶች የትኛው ወደ መብራቱ እንደሚሄድ ለማወቅ ደግሞ ባትሪው እንደተገናኘ፣ ፊውዙ እንደወጣ፣ ፔዳሉ ሳይረገጥ ቮልት ይለኩ፤ 12 ቮልት ያለበት የባትሪው ወገን ነው፣ የሚፈለገው ሌላው ነው።

ጥያቄ፦ የኤሲው ንፋስ መንፊያ በከፍተኛ ፍጥነት ከሩብ ሰዓት በላይ ሲሠራ 30 አምፔር ፊውዙ ይቃጠላል። በዝቅተኛ ፍጥነት ችግር የለም። ሰዎች ፊልትሩ ስለተደፈነ ነው ይላሉ።

መልስ፦ ሾርት ሩብ ሰዓት አይታገሥም፤ የርስዎ የጭነት ችግር ነው። ፊልትሩ ግን አይደለም። ይህ ዓይነቱ መንፊያ አየር ሲከለከል የሚገፋው ነገር ስለሚያጣ የሚስበው ኤሌክትሪክ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ፊልትሩን በሌላ ምክንያት ይቀይሩት።

የተለመደው ጥፋተኛ ራሱ ሞተሩ ነው። ቡሽው ደርቆ ሲከብድ ብዙ ይስባል። ሞተሩን ፈትተው በእጅ ያሽከርክሩት፤ ሲለቁት በራሱ ጥቂት መዞር አለበት። ቶሎ ከቆመ፣ ከተንቀራፈፈ ወይም በአንድ በኩል ከተወዛወዘ ቀይሩት። ቅጠል ወይም ወረቀት ገብቶበት ከሆነ ማጽዳት ብቻ ይበቃል። የሚስበውን በትክክል ለማወቅ ዲሲ የሚለካ ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ከውጭ አቅፎ አምፔር የሚያነብ መለኪያ) ሽቦው ላይ ይጣሉ። የተለመደው ቴስተር የሚችለው 10 አምፔር ብቻ ስለሆነ በእሱ አይሞክሩ። ፊውዝ ለረጅም ጊዜ ያለማቋረጥ ከአቅሙ ሦስት አራተኛ በላይ ባይሸከም ይመረጣል፤ ለባለ 30 ይህ 22 አምፔር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ካነበቡ ሞተሩን ይጠርጥሩ።

ንባቡ ጤነኛ ሆኖ ፊውዙ አሁንም ከተቃጠለ ፊውዙ የሚሰካበትን ጥርስ ይዩ። ጥርሱ ላልቶ ወይም ዝጎ ከሆነ ሙቀቱ የሚመነጨው ከመነካኪያው ነው፤ ፊውዙ በሞተሩ ሳይሆን በጎረቤቱ ሙቀት ይቀልጣል። የፊውዙ ፕላስቲክ በእግሮቹ በኩል ተኮማትሮ ወይም ቡናማ ሆኖ ከተገኘ ሌላ ምልክት አይፈልጉ። አዲስ ፊውዝ ቢያስገቡም ከጥቂት ቀን በኋላ ይደገማል፤ ጥርሱ መቀየር አለበት።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ሞተሩ በድንገት ጠፋ፤ የነዳጅ ፓምፑ ፊውዝ ተቃጥሎ አገኘሁት። ቀየርኩት፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ሠራ፣ እንደገና ተቃጠለ።

መልስ፦ ሞተር ሲሞቅ ብቻ የሚቃጠል ፊውዝ ከጭስ ማውጫው አጠገብ እንዲፈለግ ያስገድዳል። በብዙ መኪኖች ያ ፊውዝ ከፓምፑ ሌላ በጭስ ማውጫው ላይ ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር ማሞቂያም ይመግባል። የሴንሰሩ ሽቦ ከማሰሪያው ወልቆ ቱቦው ላይ ከወደቀ ሽፋኑ ይቀልጥና ብረቱን ይነካል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ከመኪናው ሥር ገብተው ሽቦውን ከሴንሰሩ እስከ ሶኬቱ በዓይን ይከተሉ። ሶኬቱን ነቅለው ፊውዙ ከቆየ ጥፋቱ ተገኘ ማለት ነው፤ የሞተር መብራት ቢበራም ለጊዜው ነው።

ሽቦው ጤነኛ ከሆነ ፓምፑን ክላምፕ ሜትር ያድርጉበት። ፊልትሩ የተደፈነበት ፓምፕ እየታገለ ብዙ ይስባል፤ ከመንፊያው ጋር የማይመሳሰለውም በዚህ ነው፣ የነዳጅ ፓምፕ መውጫው ሲታፈን ሸክሙ ይጨምራል። በዚህ መስመር ላይ ግን የ21 ዋት መፈተሻውን ሶኬቶቹ ሁሉ እንደተገናኙ አይሰኩ፤ ከዚያው ፊውዝ የሚመገብ ኮምፒውተር ካለ ቮልቱ ወርዶበት የሌለ ብልሽት ይመዘግባል። ባትሪውን አላቀው የኮምፒውተሩን ሶኬት ይንቀሉ፣ ከዚያ ባትሪውን መልሰው ይፈትሹ።

ጥያቄ፦ የሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ፊውዝ የጎማ መንፊያ ስሰካ ይቃጠላል፤ የስልክ ቻርጀር ግን ይሠራል።

መልስ፦ ፊውዝዎ 15 አምፔር ከሆነ በ12 ቮልት 180 ዋት ያህል ይሰጣል። ከመንፊያው ላይ የተጻፈውን ዋት ወይም አምፔር ያንብቡ። ከበለጠ፣ ወይም ከ15 አጠገብ ከሆነ፣ መንፊያውን የራሱ ፊውዝ ባለው ገመድ በቀጥታ ከባትሪው ላይ ይጠቀሙ፤ ፊውዙም ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይሁን። መንፊያው አነስተኛ ሆኖ ፊውዙ የሚቃጠል ከሆነ ሶኬቱን በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ሳንቲም ወይም የቻርጀር ስባሪ ከታች ተኝቶ ሊሆን ይችላል፤ ረዘም ያለ መሰኪያ ሲገባ ገፍቶ ከመሃሉ ፒን ጋር ያነካካዋል። ፊውዙን ከማውጣትዎ በፊት ግን በፒንሳ አይግቡበት፤ ብዙ መኪኖች ላይ ያ ሶኬት ቁልፍ ጠፍቶም ኤሌክትሪክ አለው።